እንዴት ይሠራል? የወንድ ልጆች ኳየር፣ ያለ ሞንታርቦ

የወንድ ልጆች ኳየር ሲዘምር በስልክ ከፍተው ለአንድ የሐዋሳ ሰው ቢያሳዩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልጆቹ አይሆንም፤ ስለ ማይክ ነው። አክስቴ ቡና እያፈሉ የኦስትሪያዋን ከተማ የቪየናን የወንድ ልጆች ኳየር ሲያዩ የጠየቁኝም ይህንኑ ነው። «አንተ ልጅ፣ ማይካቸው የታለ? ከኋላ የተቀመጠውስ ምን ሊሰማ ነው ገንዘብ የከፈለው?» አሉኝ። «እቴቴ፣ ማይክ የላቸውም» ብላቸው አላመኑኝም። አይፈረድባቸውም። በእኛ ከተማ ሠርግ ይሁን ጉባኤ፣ የሱቅ ምረቃም ቢሆን፣ ሞንታርቦ ያልተገተረበት ዝግጅት ዝግጅት አይባልም።

ተጓዥ መዘምራን ለሐዋሳ ብርቅ አይደሉም። ለጉባኤ ከአዲስ አበባ፣ ከዲላ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ የሚመጡ ኳየሮች አሉ፤ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ ኪቦርድና ሚክሰር አስከትሎ ነው የሚመጣው። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት በጥምቀት ታቦት አጅበው ሲዘምሩም እያየን ነው ያደግነው። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆኑ ወንዶች ብቻ፣ ሃያ ምናምን ሆነው፣ ከአገር አገር እየዞሩ ያለ ማይክ የሚዘምሩበት ሥራ ግን ሌላ ነው። ምስጢሩ አንድ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይገባዋል። ሥራው በሙሉ የተመሠረተው ሦስት አራት ዓመት ብቻ በሚቆይ ድምፅ ላይ ነው።

ከጉሮሮው እንጀምር። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር ይባላሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ። ስንናገር ወይም ስንዘምር ይገጥሙና ከሳንባ የሚወጣው አየር እያርገበገባቸው ያልፋል። የአዋቂ ወንድ አውታር ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የሴት ከ12.5 እስከ 17.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልጅ ደግሞ ከሁለቱም ያጥራል። እዚህ ላይ ክራርን ማሰብ ይበቃል፤ ቀጭኑ ክር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ ወፍራሙ ጎርናናውን። አዋቂ ወንድ ሲያወራ አውታሩ በሴኮንድ መቶ ምናምን ጊዜ ይርገበገባል። ኳየር ውስጥ የላይኛውን ዜማ የያዘ ልጅ ከፍ ሲልስ? በሴኮንድ 880 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ።

«ሴትም ቀጭን ድምፅ አላት፤ ለምን ልጅ ፍለጋ ይሄዳሉ?» የሚል አይጠፋም። ታሪካዊ መልሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ከድምፁ በኩል ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ደረቱና ሳንባው ወደ ጎረምሳ እየተጠጋ ነው፤ አውታሩ ግን ገና የልጅ ነው። ብዙ አየር በትንሽ አውታር ያልፋል። በዚያ ላይ ጥቂት ዓመት የሠለጠነበት ትንፋሽ አለ። በዚህ ምክንያት የኳየር መሪዎች በጣም የሚሳሱለት ድምፅ ሊያልቅ ጥቂት ወር የቀረውን ነው። ልጁ ከሁሉ አምሮ በሚዘምርበት ሰሞን ማንቁርቱ ማደግ ይጀምራል፤ አውታሩ ይረዝማል፣ ይወፍራል፤ ድምፁም በግምት አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። እናቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ልጁ «እማዬ» ብሎ ሲጣራ መነሻው ቀጭን፣ መድረሻው ጎርናና ይሆናል።

ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ሊቅ ፍራንዝ ሹበርት ልጅ ሳለ በቪየና ቤተ መንግሥት የጸሎት ቤት ዘማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1812 ድምፁ መጎርነኑ ሲገባው፣ ይዘምርበት በነበረው የኖታ ወረቀት ላይ «ሹበርት ለመጨረሻ ጊዜ ጮኸ» የሚል ማስታወሻ ጻፈ፤ የተጠቀመበት ቃል የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው። ዕድሜው 15 ነበር። ዛሬ ቢሆን ያን ያህል ጊዜ አያገኝም ነበር። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ልጆችን ሲመራ፣ ይኸውም ከ1723 እስከ 1750፣ ልጆች እስከ 16 እና 17 ዓመታቸው በቀጭኑ ድምፅ ይዘምሩ ነበር። ምግብና ጤና ሲሻሻል ጉርምስና ቀደመ፤ አሁን አብዛኛው ልጅ በ13 እና በ14 ዓመቱ ይጎረንናል። በኮፐንሀገን የአንድ ኳየር ትምህርት ቤት መዝገብ የመረመሩ ሐኪሞች ከ1994 እስከ 2003 ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ ይህ ዕድሜ በአራት ወር ያህል ዝቅ ማለቱን አግኝተዋል። ለወላጅ መልካም ዜና ነው፤ ልጁ በደንብ በልቶ አድጓል ማለት ነው። ለኳየር መሪ ግን ሠልጥኖ የደረሰ ዘማሪ አራት ወር ቀድሞ ይወጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኳየር መቼም አይሞላም። በየዓመቱ ትልልቆቹ ይወጣሉ፣ ትንንሾቹ ይገባሉ፤ መሪው ዘንድሮ ያሠለጠነውን ከርሞ እንደገና ይጀምራል። ልጆቹ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይለማመዳሉ፤ ትምህርት ቤቱም ማደሪያውም እዚያው ነው። ልጅን ከቤት አውጥቶ ለዜማ ማሳደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪውም ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ፣ ኮቾሮ እየለመነ፣ የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሲያጠና ያደገ ነው። ልዩነቱ የእኛው ተማሪ ድምፁ ሲጎረንን አለመሰናበቱ ነው። የያሬድ ዜማ ጎርናናውንም ቀጭኑንም ይቀበላል፤ ልጁ ዲያቆን ሆኖ ይጀምራል፣ መሪጌታ ሆኖ ይሸብታል።

አሁን ወደ «ለምን ወንድ ብቻ?» ልመለስ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ሴት በቅዳሴ እንድትዘምር አይፈቀድም ነበር። ላይኛውን ዜማ የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ልጆች ተፈለጉ። የሃፕስበርጉ ንጉሥ ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን በ1498 ለቪየና ቤተ መንግሥቱ መዘምራን ሲያቋቁም ልጆችን የጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ክልከላው በብዙ ቦታ ተነሥቷል፤ በእንግሊዝ የሳልዝበሪ ካቴድራል በ1991 የሴት ልጆች ኳየር አቋቁሞ ሌሎች ካቴድራሎች ተከትለውታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የወንድ ብቻ መሆኑ ከድምፅ ሕግ ይልቅ የታሪክ ልማድ ነው። የሚሰሙት ነገር ግን ልማዱ ያጠራው ሙያ ነውና ጆሮ መንፈግ አይገባም።

የቪየናዎቹ ልጆች «ተጓዥ» የሆኑትስ እንዴት ነው? በችግር ነው። የሃፕስበርጎች መንግሥት በ1918 ሲወድቅ ለልጆቹ የሚከፍል ቤተ መንግሥት ጠፋ። ዮሴፍ ሽኒት የተባሉ ቄስ በ1924 ኳየሩን እንደገና አቋቋሙት፤ ወጪው ግን የሚቻል አልሆነም። ከጸሎት ቤት ወጥተው በአዳራሽ ለገንዘብ መዘመር፣ ከዚያም ከአገር መውጣት የጀመሩት ሆዳቸውን ለመሙላት ነበር። የድሮው ልብሳቸው የወታደር ዩኒፎርም ነበር፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው በመርከበኛ ልብስ ነው። አሁን ወደ መቶ የሚጠጉ ልጆች በአራት ኳየር ተከፍለው በብሩክነር፣ በሃይደን፣ በሞዛርትና በሹበርት ስም ይጠራሉ። አንዱ ሲጓዝ ሌላው ቪየና ይቀራል፤ እያንዳንዱ ኳየር በዓመት ከ9 እስከ 11 ሳምንት መንገድ ላይ ነው፤ አራቱ ተደምረው በዓመት 300 ያህል ኮንሰርት ያቀርባሉ። በአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1967 የተቋቋመ የድራከንስበርግ የወንድ ልጆች ኳየር አለ፤ እሱም በዓለም የሚዞር ነው።

ሽኒት ኳየሩን በመለሱበት በዚያው በ1924፣ በእኛ አቆጣጠር 1916 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ አዲስ አበባ የራሷን ልጆች ተቀበለች። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደዷቸውና አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንግሥ የተሰማውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። እርግጥ ነው እነዚህ የሚነፉ እንጂ የሚዘምሩ አልነበሩም። መለከት ደግሞ አይጎረንንም፤ ልጆቹ አድገውም መንፋት ይችላሉ። የኳየር ልጅ ይህ ዕድል የለውም።

መድረኩ ላይ ምን ይሆናል? ልጆቹ ገብተው በግማሽ ክብ ይቆማሉ። መሪው እጁን ከማንሳቱ በፊት ጆሮዎን ካቀኑ አንዲት አጭር ድምፅ ይሰማሉ፤ ከፒያኖ አንድ ቁልፍ ወይም ከመቃኛ ሹካ የመጣች ናት። ሹካው በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። መሪው ከእሱ ተነሥቶ ለየክፍሉ መነሻውን በጉርምርምታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ረዳት የለም። መሣሪያ የሌለው ዝማሬ ሲረዝም ቀስ በቀስ መውረድ ይቀናዋል፤ ልጆቹ ሲደክሙ ደግሞ ይብስበታል። ጎበዝ ኳየርና ደካማው የሚለዩበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ መዝሙሩ ሲያልቅ የጀመሩበት ላይ ናቸው ወይስ ወርደዋል?

ትንፋሻቸውን ይዩ። አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ ግማሽ ደቂቃ ሲቆይ ሰው ይደነቃል፤ የልጅ ሳንባ ያን ያህል አይዝም። ዘዴው ተራ በተራ መተንፈስ ነው። ከጎንህ ያለው ሲተነፍስ አንተ አትተነፍስም። ስትተነፍስም ቃል መካከል ድምፅህን ቀንሰህ ትወጣለህ፣ አፍህን ሳትዘጋ አየር ታስገባለህ፣ በቀስታ ትመለሳለህ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው የልጆቹን ትከሻ ቢያይ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲወርድ ያገኛል፤ ድምፁ ግን አይቆረጥም። ሌላም ትንሽ ተንኮል አለች። ሃያ አምስት ልጅ በቃል መጨረሻ ላይ «ስ» ቢል አዳራሹ ሁሉ ይፏጫል፤ በዚያ ላይ እኩል አይሉትም። ስለዚህ አንዳንድ መሪዎች «ስ»ን ለአንድ ወይም ለሁለት ልጅ ብቻ ይሰጣሉ። ሌሎቹ ፊደሏን ይተዋታል፤ አድማጩ ሁሉም ያሏት ይመስለዋል።

ተጓዥ ኳየር የደረሰበትን አገር ሰው ለማስደሰት በአስተናጋጁ ቋንቋ አንድ መዝሙር አጥንቶ ይመጣል። አማርኛ ላይ ሲደርሱ የሚፈተኑት በ«ጠ»፣ በ«ጨ»፣ በ«ጸ» እና በ«ቀ» ነው። እነዚህን ፊደላት ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ይዘጋል፤ ከሳንባ የሚመጣው አየር ይቆማል። ዕድሜውን ሙሉ «ትንፋሽህን አታቋርጥ» እየተባለ ላደገ ልጅ ይህ ግራ ነው። «ጸሎት» ሲል «ሰሎት» ቢልብዎ አይሳቁበት።

ስለ ስምምነት ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የወንድ ልጆች ኳየር ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዜማ በአንድ ጊዜ ይዘምራል። ከፍተኛውን የያዙት ሶፕራኖ፣ ዝቅ ያሉት አልቶ ናቸው፤ አንዳንዱ ኳየር ድምፃቸው የጎረነነ ጎረምሶችን ለታችኛው ዜማ ያስቀራል። የያሬድ ዜማ በአንድ ዜማ የሚሄድ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በፊደላቱ አናት ያኖሩት ምልክትም የሚነግረው ያንኑ አንዱን ዜማ እንዴት እንደሚያወጡት፣ እንደሚያወርዱትና እንደሚሰብሩት ነው። ከዚህ ተነሥተው «ድምፅ ከፋፍሎ መዘመር የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። እንደዚያ የሚሉት ከሐዋሳ ወደ ደቡብ አልሄዱም ማለት ነው። ዶርዜዎች የተለያየ ዜማ ይዘው በአንድ ጊዜ ይዘፍናሉ፤ ዜማቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተቀርጾ ፈረንሳይ አገር በሸክላ የወጣ ነው። ደራሼዎች ፊላ የሚሉት የቀርከሃ ዋሽንት አላቸው፤ አንዱ ሰው የሚይዘው አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ነው። ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው፤ አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ቀዳዳ ያበጃል። የልጆች ኳየር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የአልቶው ልጅ ድርሻ ለብቻው ቢሰማ ዜማ አይመስልም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ግን ያለ እሱ አይቆምም።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልግባ። ከኋላ ያለው ሰው እንዴት ይሰማል?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናንሳ። ሃያ አምስት ልጅ የአንድ ልጅ 25 እጥፍ አይሰማም። ጆሯችን እንዲህ አይቆጥርም። የሃያ አምስቱ ድምፅ ከአንዱ በ14 ዴሲቤል ያህል ይበልጣል፤ ለጆሮ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን የኋላውን ረድፍ አያደርስም። የሚያደርሰው አዳራሹ ነው። ከአፍ የወጣው ድምፅ ጥቂቱ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ የቀረው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየተጋጨ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ለንግግር ይህ ማስተጋባት ከአንድ ሴኮንድ በታች ሲቆይ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ቃሉ ይደበላለቃል። ኳየር ግን ሁለት ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይወዳል። የድሮዎቹ ኳየሮች በድንጋይ ካቴድራል ስላደጉ መዝሙራቸው ራሱ ለዚያ ተደርጎ የተጻፈ ነው።

በእኛ ከተማ ያሉ አዳራሾች፣ የሲዳማ ባህል አዳራሽም ይሁን የየቤተ ክርስቲያኑ፣ በዋነኛነት የሚያገለግሉት ለስብሰባ፣ ለስብከትና በሞንታርቦ ለሚቀርብ ሙዚቃ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያለ ማይክ የሚዘምር ኳየር ቢገባ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግድግዳው በምን እንደተለበጠና ሕዝቡ ምን እንደለበሰ ነው። ሳቅ አይምጣባችሁ። ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ጋቢ ከነጠላ ይበልጥ ይመጥጣል፤ ሁለቱም ከባዶ ወንበር ይበልጣሉ። ኳየሩ ከሰዓት በኋላ በባዶ አዳራሽ ሲለማመድ ጣሪያው ሁሉ ይዘምራል፤ ማታ ሦስት መቶ ሰው ሲገባ ድምፁ ይደርቃል። ልምድ ያለው መሪ ይህን አስቀድሞ ያሰላል፤ ልጆቹን ከመጋረጃ አርቆ ወደ ግድግዳ ያስጠጋቸዋል፣ ዝግ ያለውን መዝሙር ትንሽ ያፈጥነዋል።

ማይክ ብንጨምርስ? እዚህ ላይ ልማዳችን ያጠቃናል። ለአንድ ዘማሪ አፍ ላይ የሚደቀን ማይክ ለኳየር አይሆንም፤ አራት ማይክ አራት ልጅ ያሰማል፣ ሃያ አንዱን ይደብቃል። ከራቀ ቦታ ሁሉንም በአንድነት የሚቀበል ማይክ ደግሞ ከሞንታርቦው የሚወጣውንም መልሶ ስለሚቀበል ያ የምናውቀው ፉጨት ይመጣል። የሳውንዱ ልጅ ፉጨቱን ለማጥፋት ከፍተኛውን ድምፅ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥ የልጆቹን ድምፅ ልዩ የሚያደርገውን ይቆርጠዋል። ለዓመታት የሠለጠነ ጉሮሮ በአንድ የሚክሰር ቁልፍ ዙር ይባክናል።

«ታዲያ ሐይቁ ዳር ይዘምሩ!» የሚል ሐሳብ ሐዋሳ ውስጥ ሳይነሣ አይቀርም። ፍቅር ሐይቅ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሐይቁ ከበስተ ጀርባ፤ ለፎቶ ምን ይወጣለታል። ለጆሮ ግን ከባዱ ቦታ ነው። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ልጆቹ እርስ በርስ አይደማመጡም፤ ካልተደማመጡ ደግሞ ተራ በተራ መተንፈሱም ቅኝቱም ይፈርሳል። በጉዱማሌ አደባባይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ የቄጣላ ጭፈራ ሲደረግ ያለ ማይክም ሜዳው ይናወጣል፤ እዚያ ግን ዘማሪው እጅግ ብዙ ነው፣ የአንዱን ሌላው ይቀበለዋል፣ እግርም አብሮ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል ለሜዳ የተሠራ ዜማ አለው። የቪየናው ዜማ ለግድግዳ የተሠራ ነው።

የግድ ሐይቅ ዳር ከሆነ ንፋሱን መጠየቅ ነው። ንፋስ ከመሬት ከፍ ሲል ይፈጥናል፤ በዚህ የተነሣ ከንፋሱ ጋር የሚሄድ ድምፅ ወደ መሬት ይጎነበሳል፣ ንፋሱን ተቃውሞ የሚሄደው ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ያልፋል። የነጠላዎ ጫፍ ወዴት እንደሚነፋ ይዩ። ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ ይቀናዋል፤ እንዲህ ከሆነ ዘማሪዎቹ ጀርባቸውን ለውሃው፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ይስጡ። ሙቀትም የራሱ ሥራ አለው። ድምፅ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይጎነበሳል። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ሲግል ድምፅ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይመለሳል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ባይጀመር ይሻላል። ከዚያ በኋላም የባጃጁ ክላክስ፣ የአሞራ ገደሉ ወፍ አባ ኮዳ ክንፉን ሲያርገበግብ፣ ዓሣ የሚጠብሰው ሰው ደንበኛ ሲጣራ፣ ሁሉም የድርሻውን ይዘምራል።

ከፍታውም አለ። ሐዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻ ከተሞች በ18 በመቶ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረውን ሐረግ እዚህ ሲዘምር አየር ያጥረዋል። መሪው መተንፈሻ ይጨምርለታል እንጂ ቅኝቱን መቀየር አያስፈልገውም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ስለሆነ በከፍታ ምክንያት ዜማው አይወርድም። በበጋ የሚያስቸግረው ደረቁ አየርና አቧራው ነው። ውሃ በየመካከሉ ሲጠጡ ቢያዩ ቅንጦት አይምሰልዎ። መድረክ ላይ አንድ ልጅ ድንገት ወደ ኋላ ሲወሰድ ካዩም አይደንግጡ፤ ጉልበቱን ገትሮ ለረጅም ጊዜ የቆመ ልጅ ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ያዞረዋል። ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል።

ስለ ጭብጨባ አንዳንዱ ሰው ይጨነቃል። በአውሮፓ ልማድ የረጅም ሥራ ክፍሎች መካከል አይጨበጨብም። እኛ ደግሞ ደስ ሲለን እልል እንላለን፤ መካከልም ቢሆን። ሁለቱም ነውር የለባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ፤ መሪው እጁን እስኪያወርድ። ልጆቹ አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ድምፁ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ አዳራሹ ውስጥ ይዞራል፤ ያ የመዝሙሩ ክፍል ነው። ስልክዎንም ያጥፉ፤ መብራቱ የልጆቹን ዓይን ከመሪው ላይ ይሰርቃል።

የት እንቀመጥ? ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ልጅ ይሰማሉ እንጂ ኳየሩን አይሰሙም። ከሰገነት ሥርም አይሁን፤ ድምፁን ጣሪያው ይዘጋዋል። ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ለግድግዳው ቀረብ ብለው ቢቀመጡ ቀጥታ የሚመጣውም የሚመለሰውም ይደርስዎታል። አክስቴ የጠየቁለት የኋላ ሰው ብዙ ጊዜ ከፊት ካለው ባለሥልጣን የተሻለ ይሰማል፤ ቲኬቱም ይረክሳል።

ከቪየና የሚመጣውን መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም። በየደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ፤ በየአጥቢያው «ሀ»፣ «ለ» እየተባሉ በፊደል የተሰየሙ መዘምራን አሉ፤ ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆችም ሞልተዋል። የመዘምራን መሪዎች፣ በሚቀጥለው እሑድ ከፕሮግራሙ አንዷን መዝሙር ምረጡ፤ ኪቦርዱን ዝጉ፣ ሞንታርቦውን አጥፉ፣ ሕፃናቱን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ በግማሽ ክብ አቁሙና አዘምሯቸው።